ሱዳንን ተሳልመን መጣን

በጣሊያን ጊዜ ሱዳን ተሰድጄ እንደነበር የሰሙ ሰዎች በሠርግ ቤትም በተዝካር ቤትም ቦታ ይለቁልኛል። «ኧረ እሳቸው ስደተኛ ነበሩ፣ ከፍ ይበሉ፣ ከፍ ይበሉ» እያሉ ከቄሶቹ ጎን ያስቀምጡኛል። እኔም እቀመጣለሁ። የተሰጠኝን መቀመጫ እምቢ ማለት ድሮም አልሆነልኝም። አንዳንዱ ወጣት ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ «አገር ጥሎ መውጣቱን ልብዎ እንዴት ቻለው?» ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ ዝም ስል ሐዘን የቆጠቆጠኝ ይመስለዋል። የሚቆጠቁጠኝስ ሌላ ነው። እስቲ ዛሬ እንኳ ልናገረው፤ እኔ ሱዳን የወረድሁት ስኳር ፍለጋ ነው።

ቤታችን ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ነበር። ዜማ ተምሬያለሁ፤ ቅኔ ግን በሦስተኛው ዓመት ጥዬ ወጥቻለሁ። መምህሬ አባረሩኝ የሚሉ አሉ፤ እኔ ወጣሁ ነው የምለው። በዓል ሲሆን ጥምጣሜን ጠምጥሜ ከካህናቱ ጋር አሸበሽባለሁ፣ በሌላው ቀን የአባቴን መሬት አርሳለሁ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ በኋላ አገሬው ለሁለት ተከፈለ። የሚስቴ ወንድም ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ሌላው ጥርሱን ነክሶ መንገድ ይቆፍር ጀመር። እኔ ከሁለቱም አልሆንሁም። አንድ ቀን እህል ይዤ ማርቆስ ገበያ ብወጣ፣ አንድ የጣሊያን ወታደር ሻዩ ውስጥ ነጭ ነገር በማንኪያ ሲጨምር አፍጥጬ ሳየው ጊዜ ሳቀና መዳፌ ላይ ጣል አደረገልኝ። ላስሁት። አይ እኔ! ከዚያች ቀን ወዲያ የገዛ ቀፎዬ ማር አልጥምህ አለኝ። ሰው ለአገሩ ብሎ በረሃ በሚወርድበት ዘመን እኔ ለምላሴ ብዬ ልወርድ ተነሳሁ።

ነገሩን ያባባሰው የደምበጫ ገበያ ነው። እዚያ ቡና ይዞ ሱዳን የሚወርድ፣ አቡጀዲ ይዞ የሚመለስ አንድ ነጋዴ ነበር። ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ሱዳንን አስወራው ጀመር። የጥጥ እርሻ ሞልቷል አለኝ። የሠራ ሰው ሁሉ ደመወዙን በእጁ ይቀበላል፤ ደሃው ሳይቀር በቀን ሦስት ጊዜ ሻይ በስኳር ይጠጣል፤ በየቤቱ ፋኖስ ይበራል፤ ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ አይደለም፣ በሳሙና ነው። እቤቴ ስመለስ የጭቃውን ግድግዳ አየሁትና አስጠላኝ። እዚያው ቆሜ የፋኖስ ባለቤት ሆንሁ፤ የቀረኝ መሄዱ ብቻ ነበር።

ሚስቴ የሦስት ዓመት ልጃችንን አዝላ፣ ስድስት ወር የሞላው ፅንስ ይዛ ነበር ያኔ። ሐሳቤን ስነግራት እህሉን እየነፋች ሰማችኝ። ከዚህ በፊት የጨው ነጋዴ ልሁን ብዬ ጨው በዝናብ ያስበላሁ፣ ልብስ ሰፊ ልሁን ብዬ ለአማቴ ባለ አንድ እጅጌ እጀ ጠባብ የሰፋሁ ሰው መሆኔን ታውቃለች። አላነሳችብኝም። ባሏን እርስዎ ብላ የምትጠራ፣ የተናገረውን የምታምን ሴት ነበረች።

«እሄዳለሁ» አለችኝ በሦስተኛው ቀን። «ግን አንድ ነገር ይማሉልኝ። ይህ በሆዴ ያለው ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና መነሳት አለበት። ቤተ ክርስቲያን የሌለበት አገር አልወልድም።»

ለምን እንዲህ እንዳለች ሳትነግረኝም አውቃለሁ። የመጀመሪያው ልጃችን ወንድ ነበር። በተወለደ በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ተኝቶ አልነቃም። ቄስ እንኳ ለመጥራት ጊዜ አልሰጠንም። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ነውና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር መጀመሪያ በውጭ በኩል ዞራ ያቺን ትንሽ ጉብታ ታያለች፤ ከዚያ ነው በሩን የምትሳለመው። እኔም አይቼ እንዳላየ አልፋለሁ፤ ሆዴ አይችለውማ።

ስለዚህ ወደ ነጋዴው ተመለስሁ። «እዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን አለ?» አልሁት።

እሱ እስላም ነው፤ ነገሩን ከእኔ ይልቅ እሱ ተጠንቅቆ መለሰልኝ። «ቤተ ክርስቲያን ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን ነጭ የተቀባ ቤት አለ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ መስቀል አለበት» አለኝ።

«ነጭ የለበሱ ሰዎች አሉበት?»

«አዎ፣ ነጭ በነጭ ናቸው።»

«ጠዋት ጠዋት ሕዝቡ ይሰበሰባል?»

«ኧረ ገና ሳይነጋ ነው በሩ ላይ የሚኮለኮለው!»

«ያለቅሳል?»

ትንሽ አሰበና፣ «አንዳንዱ ያለቅሳል። ሴቶቹማ ልጆቻቸውን ታቅፈው ነው የሚያለቅሱት» አለኝ።

ይህን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ መንፈሳዊ አገር! እኛ ዘንድ በዓመት በዓል ካልሆነ ማን ሳይነጋ በር ላይ ይኮለኮላል? ነጋዴው ደግ ሰው ነው፤ «ቆይ እንጂ፣ በሚቀጥለው ስወርድ አጣርቼ ልምጣልህ» ብሎኝ ነበር። እኔ ምን በወጣኝ! ቅኔ ቤት የገባሁ ሰው ስለ ቤተ ክርስቲያን ከግመል ነጂ ልማር?

የሚስቴ የነፍስ አባት ፊት ቀርቤ ማልሁ። «አንተ ልጅ፣ በዓይንህ አይተኸዋል?» አሉኝ። «አጣርቻለሁ አባቴ» አልሁ። መስቀላቸውን ስሜ፣ ልጄ በአርባ ቀኑ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና እንደሚነሳ ማልሁ። ከዚያ በሬዬን ሸጥሁ፤ ቀፎዎቹን ለአማቴ ሰጠሁ። አህያዋ ላይ ስንቅ መጫን ሲገባኝ መቋሚያዬን፣ ካባዬንና ጥምጣሜን ጫንሁ። እንዲህ አርጎ የሚጸልይ ሕዝብ ዜማ አዋቂ ሳይቸግረው አይቀርም፣ ስደርስ በመሪጌታነት ይቀጥሩኛል ብዬ አስቤ ነበር። መንገድ ላይ ልጄን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው መቋሚያዬን እየወዘወዝሁ እለማመድ ነበር። አብረውን የወረዱት ሲራራ ነጋዴዎች ምን እንዳሉኝ ባላውቅ ይሻለኛል።

በጥር ወጥተን በቡሬ አድርገን ቆላውን ወረድን። ስለ መንገዱ ብዙ አላወራም፣ የማወራው ጀግንነት የለኝማ። ከሁላችን መጀመሪያ የታመምሁት እኔ ነኝ። እርጉዝ ሚስቴ በእግሯ እየሄደች እኔ አህያ ላይ ተጭኜ የሄድሁበት ሁለት ቀን አለ። ልጄ እንኳ «አባዬ፣ ውረድና እማዬ ትውጣ» ብላኛለች። አልወረድሁም።

ከሳምንታት በኋላ ከድንበሩ ማዶ ያለችው ከተማ ደረስን። ያ ነጭ ቤት እንደተባለው ቆሟል። ግንባሩ ላይ ቀይ መስቀል አለበት። በሩ ላይ ሕዝብ ተኮልኩሏል፣ የሚያለቅስም አለ። ሚስቴ ስታየው እዚያው አሸዋው ላይ ተንበርክካ እልል አለች። እኔም በኩራት ልቤ ተነፋ። ሕዝቡን እየገፋሁ ሄጄ የበሩን መቃን ግራና ቀኝ ተሳለምሁ፣ ልጄንም አሳለምሁ። ሰዎቹ ገለል ገለል አሉልኝ። እንግዳ አክባሪዎች ናቸው አልሁ። ለካ የእኔ በሽታ እንዳይጋባባቸው ፈርተው ኖሯል።

እንዲህ ሁለት ጠዋት ተሳለምን። በሦስተኛው ቀን ለአለቃው ራሴን ላስተዋውቅ ብዬ ጥምጣሜን አሳምሬ፣ መቋሚያዬን ይዤ፣ መድረኩን ስሜ ገባሁ። ሚስቴ ከማዶ ዛፍ ሥር ሆና ትጠብቀኛለች። ውስጡ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ አለው። ነጭ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ ሱዳናዊ ከወንበሩ ተነሳ። ጎንበስ ብዬ «ይፍቱኝ አባቴ» አልሁ። አገጬን ቀና አድርጎ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳበና አየ። ከዚያ አፌን አስከፍቶ ምላሴን በእንጨት ተጫነ። የአገራቸው ሥርዓት ይሆናል ብዬ በትሕትና ከፈትሁ። ከበስተኋላው መጋረጃ አለ፤ መቅደሱ ነው ብዬ ዓይኔን ሰበር ሳደርግ ከውስጥ ኡኡታ ተሰማ። መጋረጃው ገለጥ ሲል አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ፣ ሁለት ሰዎች ይዘውት ቂጡ ላይ ያለውን እባጭ ያፈርጡለታል።

ክው ብዬ ቀረሁ። ሐኪም ቤት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የሐኪም ቤት መቃን ስስም ከርሜያለሁ። ሰውዬው አንዲት ነጭ እንክብል መዳፌ ላይ አድርጎ ዋጣት አለኝ በእጁ። ዋጥኋት። እንደዚያ ያለ መራራ ነገር በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም፤ ስኳር ፍለጋ ለመጣ ሰው ተገቢ አቀባበል ነበር።

ስወጣ ሚስቴ ከዛፉ ሥር ብድግ አለች። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ፊቷን አየሁ። በሬው፣ መሐላው፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ያቺ ከቅጥር ውጭ ያለች ጉብታ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ደግ አባት ናቸው። ባረኩኝ» አልሁ።

«ስለ ልጁስ ነገሯቸው?»

«በአርባ ቀኑ አምጡት አሉ።»

በምን ቋንቋ ተግባባችሁ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ደስ ብሏት ነጠላዋን አስተካከለች።

ጊዜ አለኝ፣ አንድ መላ አላጣም እያልሁ ራሴን አታለልሁ። በየመንገዱ የአገሬን ሰው ባየሁ ቁጥር ቄስ ነህ ወይ እላለሁ። አንዳቸውም ቄስ አልሆኑልኝም። ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ይኖረኛል ብዬ ሴት እንዲያደርግልኝ ለማርያም ተሳልሁ። በሳምንቱ ተወለደ፤ ወንድ።

አራስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ አርባ ቀን ሳይሞላው ሕፃኑም አይገባም። ስለዚህ ሚስቴ በየጠዋቱ ከጎጇችን በር ቆማ፣ ፊቷን ወደ ሐኪም ቤቱ አዙራ ትሰግዳለች። ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዝዛ በየቀኑ አንድ አንድ ቋጠሮ ትቋጥር ነበር። እኔ ደግሞ እሷ እያየችኝ ነውና ልጄን ይዤ ሄጄ መቃኑን እሳለማለሁ። የተሰለፈው በሽተኛ ይስቅብኛል። ሐኪሙ አንድ ቀን ወጥቶ ራሴን ዳበሰኝና አዝኖ ተመለሰ፤ በሽታዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው ብሎ መሆን አለበት። ከዚያ ሄጄ ነጋዴዎች መጋዘን የሰሊጥ ኬሻ እሸከማለሁ። ማታ ማታ ሻይ በስኳር እጠጣለሁ። እውነቴን ነው፣ ይጣፍጣል። ያቺን የክር ቋጠሮ ሳይ ግን ብርጭቆውን ሳልጨርስ አስቀምጣለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ልጁ ነደደ። ጡት አልይዝ አለ፣ ልቅሶው እንኳ ጠፋ። ሚስቴ አንድ ጊዜ የቀበረች እናት ናት፤ አልጮኸችም። «ለሚሞት ልጅ ከቀኑ በፊትም ይፈቀዳል ይባላል» አለችኝ። «ይሂዱና ለአባ ይንገሯቸው። ውኃቸውን ይዘው መጥተው እዚሁ ያጥምቁልኝ። በሞቴ፣ እንደዚያኛው ከቅጥር ውጭ አይቅርብኝ።»

እየሮጥሁ ወጣሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስደርስ ምን እንዳሰብሁ ልናገር፤ አፌን ሞልቼ ስኳር ካልሁ ይህንንም ልበለው። ሐኪሙን ለምኜ ላምጣው፣ ነጭ ለብሷል፣ ውኃ ይርጭበት፣ እሷ ተጠመቀ ትበል፣ እኔም ከጉዱ ልውጣ ብዬ አሰብሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ አሰብሁት ብቻ ሳይሆን ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቼ ነበር። ከዚያ አንዲት የሱዳን ሴት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ከነጫማዋ እየሮጠች ጎኔን ገጭታኝ ገባች። ልጇ ታሟል፣ ሐኪም ዘንድ አመጣችው፤ ይኸው ነው። የእኔ ልጅ ከዚህ በር በጩኸት የሚደርስ ቦታ ላይ እየነደደ፣ እናቱ እንዳትገባ ያገድኋት እኔ ነኝ።

ተመልሼ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። «ያ ቤት ሐኪም ቤት ነው» አልሁ። «ቄስ የለበትም። ከገባሁባት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ዋሽቼሻለሁ።»

ሕፃኑን ከጭኗ ወደ ትከሻዋ አነሳችው።

«ሰዎቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሲገቡ አይቻለሁ» አለች። «አንዱም ሲጋራ እያጨሰ ሲወጣ አይቻለሁ። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ነው ካሉኝ ግን፣ ዓይኔ ነው የዋሸኝ ብዬ ዓይኔን ተቆጣሁት።»

አንተ ብላ ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ በቀለለኝ። እርስዎ አለችኝ፣ ሁልጊዜ እንደምትለኝ አድርጋ። ከዚያ ልጇን ታቅፋ ወጣች። ያን ሁሉ ቀን ከሩቅ የሰገደችለትን በር ቀና ብላ ሳታየው አለፈችው። እኔ ትልቋን ልጄን ይዤ ከኋላ ተከተልሁ፤ መቃኑን ልሳለም ስትል እጇን ሳብሁት።

ሐኪሙ አንድ ቃል ሳይናገር ልጁን ተቀበላት። እርጥብ ጨርቅ አለበሰው፣ መድኃኒት በጥብጦ በጠብታ አፉ ውስጥ አደረገለት። ሦስት ቀን አስተኛቸው። እኔን ሲያየኝ «ሚስኪን» ይለኛል፤ ይህችን እንኳ ያለ አስተርጓሚ ሰማኋት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ጡት ያዘ። ሐኪሙ ደስ ብሎት ለሚስቴ ሻይ አስመጣላት፣ ስኳሩን ራሱ ጨመረበት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ብርጭቆውን አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ይኸ ነው?» አለች።

«ይኸ ነው» አልሁ።

ለልጃችን ሰጠቻት። ከዚያ ክሯን ከወገቧ ፈትታ ቋጠሮውን ቆጠረች። ሐኪም ቤት የተኛችባቸውን ቀኖች ሳይቀር ቋጥራለች። «ሃያ ስምንት ቀን ቀርቶናል። እንሂድ» አለች።

ካባዬንና መቋሚያዬን ሸጥሁ፤ ለግመል ኪራይ አልበቃም እንጂ ለስንቅ በቃ። ወደ ላይ የሚወጡ ነጋዴዎች አገኘንና ተከተልናቸው። በዚህኛው መንገድ አህያዋ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። እኔ ትልቋን ተሸክሜ በእግሬ ወጣሁ፤ ጥምጣሜን ለሕፃኑ ጥላ አድርገን ዘረጋንለት። ቆላው ሲያልቅ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል፣ ገና ከሩቅ የጥድ ደን ያላት አንዲት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አየን። ሚስቴ ከአህያዋ ወረደች። በዛፎቹ ላይ መስቀሉን አየችው፣ ግን አልተንበረከከችም። ቀረብ ብላ፣ ቄሱ ከቅጥሩ ሲወጡ ካየቻቸውና መስቀል ከእጃቸው ከተሳለመች በኋላ ነው እንባዋ የመጣው። ሠላሳ ዘጠኝ ቋጠሮ ነበር።

በማግስቱ ልጄ ተጠመቀ። ውኃው ቀዝቅዞ ኖሮ ደኑ እስኪሰማ አለቀሰ፤ እኔም ከእሱ ጋር አለቀስሁ። ቄሱ ማተብ አምጡ ሲሉ ምንም አልያዝንም። ሚስቴ ያቺን ክር ሰጠቻቸው። «ይኸ ሁሉ ቋጠሮ ምንድን ነው?» አሉ እያገላበጡ። «ቀኑ ነው አባቴ» አለቻቸው። ነገሩ አልገባቸውም፣ ግን ባርከው በአንገቱ አሰሩለት።

«ለመሆኑ ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉን ኋላ።

ደረቴን ነፋሁ። አገር ተወረረ፣ ተሰደድን፣ ልል ነው። ስደት የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ከሱዳን ነው» አለች ሚስቴ። «ተሳልመን መጣን።»

ቄሱ የተሳለምነው ደብር መስሏቸው «ይድረስላችሁ» አሉ። እኔ አፌን ዘጋሁ።

ይኸው ነው ስደቴ። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ለማንም አልተናገረችብኝም፤ ሠርግ ቤት ከቄሶቹ ጎን ሲያስቀምጡኝ ከሴቶቹ መሃል ሆና ታየኛለች። አሁንም እርስዎ ነው የምትለኝ። ቤታችን ውስጥ የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው። ደጅ ቆሜ «ዝናብ መጣ፣ የተሰጣውን አንሺ» ስላት፣ «እሺ» ትላለች። ከዚያ ወጣ ብላ ሰማዩን ታየዋለች።